ወንድሜና ሚስቴ ዶቅማው ላይ

«እግሯን ሥሩ ላይ ታድርግ በላት!»

«አጠገብህ አይደለች እንዴ ዳዳ? ራስህ አትነግራትም?»

«ንገራት አልኩህ! ከአፈሩ የወጣው ሥር ላይ!»

«ሶንካሊ! እግርሽን የወጣው ሥር ላይ አድርጊ ይልሻል!»

«ሰምቻለሁ! ይነቃነቃል በላቸው!»

«ዳዳ፣ ይነቃነቃል አለች!»

«የሚነቃነቀው የግራው ነው። የቀኙን በላት። ደግሞ ወደ ታች አትይ በላት!»

«ሶንካሊ፣ ወደ ታች አት…»

«ሰማሁ አልኩህ ላሃኑ! ደንቆሮ መሰልኩህ?»

እንግዲህ ጉዴን እዩልኝ። እኔ በዚህ ማዶ ጭቃ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ። እነሱ በዚያ ማዶ ናቸው። መሃላችን ጠዋት እነሱ በደረቅ እግራቸው የተሻገሩት ፈፋ ነበር፤ አሁን ግንድ እየገለበጠ የሚሄድ ቡናማ ውሃ ሆኗል። ዳዳ ማለት ታላቅ ወንድሜ ፓቲራም ነው፤ ዶቅማው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ አቅፏል። ሶንካሊ ሚስቴ ናት፤ ከሱ በታች ግንዱን አቅፋ ቆማለች፣ ውሃው ጉልበቷን ይልሳታል። ዳዳ ጎንበስ ብሎ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። ግን አይዘረጋም። አፉንም ለሷ አይከፍትም። እሱ ለኔ ይናገራል፣ እኔ ለሷ፣ እሷ መልሳ ለኔ። ሦስታችንም ሁሉን እየሰማን እንዳልሰማን እንሆናለን።

ደንብ ነዋ። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም የታናሹን ሚስት አይነካም፣ አያናግራትም፣ ፊቷን አያይም። እሷም እሱ ሲገባ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፣ ስሙንም አትጠራም። የሚያስቀው ደግሞ እኔ ታናሽ ስለሆንኩ ከዳዳ ሚስት ጋር እንደ ልቤ ነኝ። ትሰድበኛለች፣ እሰድባታለሁ፤ አንዴ ተኝቼ ፊቴን በጥላሸት ቀብታኝ እንደዚያው ገበያ ወጥቻለሁ። ማንም ምንም አላለም። ለታናሽ ጨዋታ የሆነው ለታላቅ እሳት ነው። ትልቁ አጎታችን፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም፣ ሰሃን ሲቀበል ጣቱ የእናታችንን ጣት ነካ ተብሎ፣ እስኪሞት ድረስ በረንዳ ላይ ብቻውን ነበር የሚበላው። እንደ ውሻ ማለት ነው። ዳዳ ልጅ ሆኖ ምግብ የሚያቀርብለት እሱ ነበር። ያንን በረንዳ አይረሳም።

ካገባሁ ጀምሮ የሁለቱ አፍ እኔ ነኝ። መቼም ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም። ዳዳ «ጨው አንሷል በላት» ካለኝ፣ «ሶንካሊ፣ ዳዳ እንዲህ ያለ ወጥ የጎሽ ገንዳ ውስጥም አልቀመስኩም ይልሻል» እላታለሁ። ዳዳ ጣራ ጣራውን ያያል፣ እሷ ሻሿ ውስጥ ትንፈቀፈቃለች። እሷ «ነገ እናቴ ጋ ልሄድ ነው በላቸው» ካለች፣ «ዳዳ፣ ይህን ቤት ጠላሁ ብላ ልትጠፋ ነው» እላለሁ። ደስ ይላል። ሁለት ቁምነገረኛ ሰው በአንድ ምላስ ታንቀሳቅሳለህ።

ዛሬ ግን አንድ ቃል ማጣመም አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከዳስያ በዓል በፊት፣ መንደሩ በሙሉ ጫካ ይገባና የእግር መንገዶቹን ይከፍታል። ጌሩዋ ወንዝ ክረምቱን ሙሉ ጫካችን ውስጥ ሲዋኝ ይከርማል፤ ሲወጣ መንገዱን ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን በደለል ቀብሮ ነው የሚሄደው። አምና ዛፍ የነበረበት ዘንድሮ አሸዋ ነው፤ አምና ዓሣ ያጠመድንበት ዘንድሮ ሳር ከራስ በላይ ነው። እኛ ደግሞ ገጀራና ማጭድ ይዘን መንገዱን እንደ አዲስ እናወጣለን። ፈረንጆቹ ይመጡና ጫማቸውን አስረው «እንዴት ያለ ጥንታዊ መንገድ!» እያሉ ይሄዱበታል። ከተጠረገ ገና ሦስት ቀኑ ነው አንልም። ምን አገባን።

ከኛ ቤት ዳዳ ገጀራ ይዞ ይመራል፤ ከመንደሩ ሁሉ መንገድ የሚያውቅ እሱ ነው። ሶንካሊ የተቆረጠውን ትጠርጋለች፣ ምሳም እሷ ናት የያዘችው። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሌላ ሥራ አይሰጡኝም። ፈረንጁ እንዳይጠፋ በየዛፉ ላይ ቀይ ምልክት እቀባለሁ።

ፈፋው ጋ ስንደርስ እነሱ ቀድመው ተሻገሩ። ከፈፋው ወዲያ ያለችው መሬት ትንሽ ናት፤ በአንድ ጎኗ ወንዙ፣ በአንድ ጎኗ ፈፋው፣ መንገዱም እዚያው ያልቃል። እኔ ወዲህ ማዶ ቀረሁ፤ አንድ ለስላሳ ትልቅ ግንድ አግኝቼ የዳዳን ፊት እየሳልኩበት ነበር። ጆሮዎቹን በደንብ አሰፋኋቸው። ጢሙን ወደ ታች። የውጭ ሰው ሁሉ ዘንድሮ ወንድሜን ተከትሎ ይሄዳል ብዬ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል። አንድ ደመና የለም። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ማን ይነግረናል? ውሃው ደግሞ በወንዙ በኩል ቢመጣ እናየው ነበር። እንደ ሌባ በጓሮ በር፣ በፈፋው መጣ። መጀመሪያ አረፋ። ከዚያ አይጦች፣ ሰልፍ ይዘው። ከዚያ ድምፅ። ብሩሼን ይዤ «ዳዳ፣ ውሃ!» ብዬ ፈፋው ውስጥ ስገባ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፣ አንድ እርምጃ ስጨምር ጉልበቴ፤ ሌላ ልጨምር ስል ግንድ መጥቶ በአፍጢሜ ሊደፋኝ ሆነ። ተመለስኩ። ዘወር ስል ፈፋው ወንዝ ሆኗል።

እነሱ ወደ ጉብታው ሮጡ፤ በዚያች መሬት ላይ ከፍ ያለው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ግን አውራሪስ ከነልጇ ቀድማ ይዛዋለች። ጆሮዋን አቁማ አንዴ ተነፈሰችባቸው። ከአውራሪስ ጋር ስለ ቦታ አይከራከሩም። ወደ ዶቅማው ሮጡ።

አሁን ስሙኝ። ሰው ሁሉ ምን ያደርጋል? ሴቲቱን ከሥር ደግፎ ያወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይወጣል። ዳዳ ግን ቆመ። ዛፉን አየ፣ መሬቱን አየ። ወደ ላይ አላየም፣ ምክንያቱም እሷ ከላይ ብትሆን እሱ ከሥር ሆኖ ቀሚሷ ሥር ሊቆም ነው! የታናሽ ወንድሙ ሚስት ቀሚስ ሥር! ስለዚህ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው አደረገ። ቀድሞ ወጣ። አንዴ ዘሎ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ያዘና ላይ ሆነ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረና ጮኸ፦ «በል፣ ትውጣ በላት!»

ሶንካሊ አጭር ናት። ዘለለች፣ አልደረሰችም። ደግማ ዘለለች። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። የእውነት ሳቅሁ፤ እንደ እንቁራሪት ስትዘል አስቂኝ ነበረች። በሦስተኛው ስትዘል የቆመችበት መሬት እንደ እርጎ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሥሩን ይዛ ቀረች። ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ነው እግሯን የት እንደምታደርግ የምንጨቃጨቀው።

«ዳዳ፣ ዱላህን ስጣት!»

ዳዳ አውሬ ማባረሪያ የቀርከሃ ዱላ ሁሌም ከጀርባው ሸጉጦ ነው የሚሄደው። አወጣው። አየው። «በዚህኛው ጫፍ እኔ፣ በዚያኛው ጫፍ እሷ። ይኼ መያያዝ አይደለም?»

«እንጨት ነው'ኮ! እንጨት ምን ነውር ያውቃል?»

«ነውሩን የሚያውቀው የያዘው ሰው ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ገበሬ በሬውን በገመድ ቢጎትት ከበሬው ጋር ተጋባ ይባላል?»

«ላሃኑ!» አለች ሶንካሊ ከሥር። «በሬው እኔ ነኝ?»

«ምሳሌ ነው ሶንካሊ!»

«ስወጣ ምሳሌውን አሳይሃለሁ!»

ስወጣ አለች። ያቺን ቃል ይዤ ትንሽ ተነፈስኩ።

በዚህ መሃል ከኋላዬ ሳሩ ተንኮሻኮሸና ካካ ማንግሩ ማጭዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ካካ የምንላቸው የአባታችን የአጎት ልጅ ስለሆኑ ነው፤ በመንደሩ ደግሞ ሰው ስለ ደንብ ሲጣላ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጩኸቴን ሰምተው ከላይኛው መንገድ ነው የመጡት። ውሃውን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ካካ! ዱላ ነውር ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም? ቶሎ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አብደሃል?» ይለኝ ነበር። ካካ ግን አሰቡ። «ደረቅ እንጨት አያስተላልፍም» አሉ። «እርጥብ ያስተላልፋል። እንደ መብራት ነው።»

«ወንዝ መሃል ደረቅ ዱላ ከየት ይምጣ ካካ!»

«ላዩ ይሁን ውስጡ የረጠበው?»

«ላዩ!»

«ውስጡ ደረቅ ከሆነ እንግዲህ…» ጢማቸውን አሹ። «ውስጡ ደረቅ ነው።»

«ዳዳ! ውስጡ ደረቅ ነው! ካካ ማንግሩ ፈቅደዋል!»

ዳዳ ዱላውን አወረደ። ካካ ደግሞ ወዲያው ዞረው «ጀልባ ላምጣ» አሉ።

«እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ? መንደር ድረስ? እኔ ልሩጥ እንጂ!»

«አንተ ብትሄድ በማን አፍ ይነጋገራሉ? ቁም እዚህ!» አሉና እያነከሱ ሳሩ ውስጥ ገቡ። ነጭ ቆባቸው ከሳሩ ጫፍ በላይ እየተንቀጠቀጠ ሲርቅ አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ በቀስታ የሄደ ቆብ አይቼ አላውቅም።

ሶንካሊ ዱላውን በሁለት እጇ ያዘች። ዳዳ ዓይኑን ጨፍኖ ጎተተ። አንድ እግሯ ግንዱን ረገጠ። ሌላኛው ወጣ። «ጎትት! ጎትት! ሶንካሊ አትልቀቂ!» እያልኩ እኔ እዚህ ባዶ አየር እጎትታለሁ፤ እጄ ላይ ምንም የለም፣ ግን ክንዴ ያመኛል። ልትደርስ ነው። ቀርከሃው ግን ጭቃ ነበረበት፤ በመዳፏ ውስጥ እንደ ዓሣ ተሙለጨለጨ። ተመልሳ ወደቀች። ውሃው ወገቧ ደረሰ። ዱላው ተንሳፍፎ በፊቴ አለፈ፤ ልይዘው ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም። ብደርስስ ምን አደርግበት ነበር?

ያኔ ነው ውሃው ውስጥ የገባሁት። አሰብኩ አልልም። ገባሁ በቃ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ሦስተኛው መሬት አልነበረውም። ውሃው አዙሮ አንድ ነገር ላይ ለጠፈኝ፣ አላቀቀኝ፣ እንደገና ለጠፈኝ፤ ሳል ስስል ራሴን ከዚሁ ከኔው ማዶ ሥር ተወሽቄ አገኘሁት። ወንዙ እንኳን አልፈለገኝም። ወገቤ ላይ ያሰርኩት የቀለም ጣሳ ተከፍቶ ነበርና ዙሪያዬ ያለው ውሃ በሙሉ ቀላ።

«ላሃኑ!» ሶንካሊ እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ደሙ! ደሙ!»

«ወንድሜ!» ዳዳም ጮኸ። ቅርንጫፉ ላይ ተነሥቶ ቆመ። «ወንድሜን!»

«ቀለም ነው!» አልኩ ውሃ እየተፋሁ። «ቀለም ነው ዳዳ! አልሞትኩም! ቀለም ነው!»

ከዚያ ሶንካሊ «አንተ መድረሻ ቢስ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እስካሁን አላለቀሰችም ነበር'ኮ። እኔ ነኝ ያስለቀስኳት። ልረዳ ገብቼ።

ጭቃው ላይ በሆዴ ተጎትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ምላሴ ብቻ ነው።

«ዳዳ፣ እጅህን ስጣት።»

ዳዳ ተመልሶ ቅርንጫፉን አቀፈ።

«ዳዳ፣ ሚስቴ ናት። እኔ ፈቅጃለሁ። ስማኝ፣ እኔ ባሏ ፈቅጃለሁ!»

«የአንተ ፈቃድ አይደለም የሚያስፈልገው!» ድምፁ ተሰበረ። «በረንዳውን ረሳኸው? እኔን ብቻ ነው የሚያስቀምጡት? እሷንስ? ማን ከእጇ ይበላል? ልጅ ብትወልዱ ማን ያቅፍላችኋል?»

«ከሞተች ከማን ነው የምወልደው?»

አንድ ትልቅ ዛፍ ከላይ ተገንድሶ ከነቅጠሉ፣ ከነወፍ ጎጆው፣ ከነምኑ በመሃላችን አለፈ። ውሃው የሶንካሊ ደረት ላይ ደርሷል። እጆቿ ከግንዱ ላይ ሲንሸራተቱ ከዚህ ይታየኛል። ዳዳ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በሆዱ ቅርንጫፉ ላይ ተኛ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረና ቀኝ እጁን ወደ ታች ዘረጋ። ጣቶቹን ሁሉ ከፈታቸው።

«ያዢው!» አልኩ። «ሶንካሊ፣ ያዢው! ሰጠሽ!»

አልያዘችም።

ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነገር ተናገረች። የውሃው ጩኸት ከቅድሙ ብሶ ስለነበር አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማም።

«ምን? ምን አልሽ?»

ደግማ ተናገረች። በአገጯ ወደ ላይ ጠቆመች። አልሰማሁም።

«ዳዳ፣ ምንድነው የምትለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። «የምትናገረው ለአንተ ነው!»

«እኔ አልሰማኋትም! አንተ ሥር ናት'ኮ፣ ሰምተሃል!»

«አልሰማሁም!»

«ሰምተሃል ዳዳ!»

«የሰው ሚስት ለባሏ የምትለውን ጆሮ ጥዬ አልሰማም! አንተ ሰምተህ ንገረኝ!»

ጭንቅላቴን ይዤ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሁለቱ አፍ ሆኜ ስቀልድ፣ አንድ ቀን ጆሮ ይጎድለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ትጮሃለች፤ እኔ አልሰማም። እሱ ይሰማል፤ ግን አይሰማም። እጁን ወደ ታች እየጨመረ፣ በቅርንጫፉ ላይ ወደ ጫፉ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ከዚህ «ያዢው! ደንቆሮ! ያዢው!» እያልኩ እሰድባታለሁ። ሚስቴን። ልትሞት ስትል የምሰጣት ቃል እሱ ነው።

ከዚያ ሶንካሊ ግንዱን በአንድ እጇ ለቀቀች፣ በዚያው እጇ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወረወረችው፣ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ጮኸች። ይህኛውን እኔም ሰማሁት። አውራሪሷም ሰምታለች።

«አንተ ፓቲራም! ጆሮህን ምን በላው? ቅርንጫፉ ከሥሩ ተሰንጥቋል! ወደ ኋላህ ተመለስ!»

ዳዳ ዓይኑን ከፈተ።

ስሙን ጠራችው። በአፏ፣ ሙሉውን፣ በወንዝ ሙሉ ድምፅ። ፊቷን አየው፤ የመጀመሪያው ነው። አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ በቂጡ ወደ ግንዱ ተንፏቀቀ፤ ግንዱን በእግሮቹ ቆልፎ ከመያዙ ቅርንጫፉ ተገምሶ ወረደ። ጫፉ ውሃ ውስጥ ገባ፣ መሃሉ የዛፉ ሥር ላይ ተሰነቀረ። ሶንካሊ በደረቷ ወጣችበት። ዳዳ ጎንበስ ብሎ በእጅ አንጓዋ አይደለም፣ በክንዷ አይደለም፣ በጠጉሯ፣ በአንገትጌዋ፣ ባገኘው ሁሉ ጨብጦ ጎተታት። እሷ ደግሞ አንገቱን አቀፈች። በጥርሷም ሸሚዙን የነከሰች መሰለኝ። እንደ ሁለት ጦጣ ተጣብቀው ግንዱ ላይ ወጡ፣ ከላይ ዛፉ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደርሰው ተቀመጡ።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። አጨበጨብኩ። ብቻዬን ጭቃ ውስጥ ቆሜ እንደ ሞኝ አጨበጨብኩ።

አላለቀም ግን። ውሃው ገና ይጨምራል። ከዶቅማው ግራ ያለው ዛፍ ሄደ። ከቀኙ ያለውም ቀስ ብሎ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለና፣ እንደሚሰናበት ሰው፣ ሄደ። በተራ ነው የሚወስዳቸው። ቀጥሎ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ ዳዳ ወደ ወንዙ፣ እሷ ወደ ጫካው። ዛፉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሁለቱም እኩል ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ነገር ልላቸው ፈለግሁ፣ የሚያስቅ ነገር። ቀልድ ጠፍቶኝ አያውቅም። ጠፋኝ። አማልክቶቻችንን ሁሉ ስም በስም ጠራሁ፤ የረሳሁትንም «አንተ ስምህን የረሳሁት» ብዬ ጠራሁት።

ከዚያ ዶቅማው ሳይሄድ ቀረ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከፊቱ የወደቁት ግንዶች ተከማችተው ውሃውን ወደ ሌላ በኩል መለሱት መሰለኝ። እዚያ አፋፍ ላይ እርጥብ መስመር ታየኝ፤ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ብሏል። ትንሽ ቆይቼ ሳይ መስመሩ ሰፍቷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካካ ማንግሩና የመንደሩ ወንዶች ጀልባ ተሸክመው ደረሱ። ውሃውን አይተው ጀልባውን አስቀመጡት።

«ዛሬ አይሻገሩም» አሉ ካካ። «ውሃው እየጎደለ ነው፣ ዛፉም ቆሟል። አውራሪሷም ተቀምጣለች፤ እሷ ካልፈራች ይተርፋሉ። ጠዋት እናወርዳቸዋለን።» ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ወደ ማዶ አዩ። «ነካት እንዴ?»

«አላየሁም» አልኩ።

«እኔም አላየሁም» አሉ ካካ ማንግሩ፣ ሌሎቹንም ዞር ብለው አዩአቸው። «ማንም ያየ አለ?» ሁሉም እግሩን አየ።

እኔ ግን ዓይኔን ከዛፉ አላነሣሁም። አንድ ነገር ተለውጦ ነበርና። ጀርባ ለጀርባ አልነበሩም። ዳዳ ዞሯል። የሶንካሊ ራስ ባዶ ነው፣ ሻሿን ወንዙ ወስዶታል፤ በእጇም አልሸፈነችውም። የዳዳ አፍ ይንቀሳቀሳል። ቆመ። የሷ ተንቀሳቀሰ። ዳዳ እጁን አወናጨፈ፣ አንድ ትልቅ ነገር በአየር ላይ አሳየ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ትንሽ ነገር አሳየች። ከዚያ ሳቀች። ወንድሜ፣ ጨው አንሷል ለማለት እኔን የሚያስጠራው ሰውዬ፣ ሚስቴን አሳቃት። ያለ እኔ።

ውሃው ያጓራል። አንድ ቃል አልሰማም።

«ዳዳ!» አልኩ። «ምንድነው የምትሉት?»

አልዞሩም።

«ሶንካሊ! ምን አለሽ? ንገሪኝ! ስለኔ ነው?»

ሶንካሊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ያዘች። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ እኔን ያያሉ። እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁና ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ «ዳዳ! ምን አልካት? ምን ልበላት? ልንገርልህ!» አልኩ።

ዳዳ አንገቱን ብቻ አዞረ።

«ዝም በል አንተ! ሰው እያወራ ነው!»